ደረጃ መስጠትና ደረጃ ማሳደግ፦ በትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን አሠራር ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ትምህርት ጥራት በሚወሳበት ጊዜ ሁለት ሐሳቦች እንደ መንታ ተያይዘው ይነገራሉ፤ ጥራትን ማስጠበቅና ጥራትን ማሻሻል። በዕቅድ ሰነዶችም ሆነ በሥልጠና መመሪያዎች፣ በስብሰባ መክፈቻ ንግግሮችም ላይ ሁለቱ ተለያይተው አይታዩም። በሥራ ላይ ሲውሉ ግን የተለያየ ሙያና የተለያየ ጊዜ የሚጠይቁ ተግባሮች ናቸው። ጥራትን የሚያስጠብቅ ሰው መስፈርት ይዞ ይመጣል፤ ያያል፣ ይመዝናል፣ ይፈርዳል፣ ይሄዳል። ጥራትን የሚያሻሽል ሰው ከመምህሩ ጋር ተቀምጦ ትምህርቱ የት ላይ እንደ ተሰናከለ ይፈልጋል፤ በሳምንቱም ተመልሶ ይመጣል። በኢትዮጵያ የት/ቤቶች ክትትል ታሪክ ባመዛኙ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተደረገ ምልልስ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

እንደሚታወቀው ይህ ሥራ የተጀመረው በ1934 ዓ.ም. ኢንስፔክሽን በሚል ስያሜ ነበር። አገሪቱ ከወረራ ነፃ በወጣች ማግስት የነበሩት ት/ቤቶች ጥቂቶች፣ መምህራኑም ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰባሰቡ በመሆናቸው፣ ማዕከሉ በቅድሚያ ማወቅ የሚያስፈልገው የት፣ ምንና ስንት እንዳለ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ስያሜው ወደ ሱፐርቪዥን ተለወጠ፤ ሐሳቡም መምህሩን ከመቆጣጠር ይልቅ መርዳት ይሻላል የሚል ነበር። በ1973 ዓ.ም. እንደገና ኢንስፔክሽን ሆነ፤ ጊዜው ከማዕከል የወጣው መመሪያ በየት/ቤቱ መፈጸሙን የሚያረጋግጥ ተቆጣጣሪ የሚፈልግ ነበርና። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ሱፐርቪዥን ተመለሰ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አገር አቀፍ የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ወጣና ኢንስፔክሽን ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ አለ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሱፐርቪዥንን ሳያሰናብት ከጎኑ ቆመ።

በሰባ ዓመት ገደማ አራት ጊዜ ስም መለወጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። ችግሩ በእያንዳንዱ ለውጥ ጊዜ ያለፈው አሠራር የነበረው በጎ ነገር ከስሙ ጋር አብሮ መጣሉ ነው። ሱፐርቪዥን ሲመጣ ግልጽ መስፈርት የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ታየ፤ ኢንስፔክሽን ሲመለስ መምህሩን መደገፍ እንደ ልፍስፍስነት ተቆጠረ። ከሁለቱም መካከል የወደቀው መምህሩ ነበር። ትናንት «አማካሪህ ነኝ» ሲለው የነበረው ሰው ዛሬ መዝገብ ይዞ ሲመጣ፣ ድክመቱን በግልጽ ለማውጣት የሚደፍር መምህር ማግኘት አዳጋች ነው። የትምህርት ባለሙያ ሁሉ የሚያስታውሰው የ1966ቱ የመምህራን የሥራ ማቆም አድማም ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ትምህርት ይሰጣል። የትምህርት ሴክተር ሪቪው ጥናት በባለሙያዎች ተዘጋጅቶ ሲያበቃ መምህሩ ስለ ይዘቱ በቂ ነገር አልተነገረውም ነበር፤ ጥናቱ በጎ ሐሳቦች ቢኖሩትም ከት/ቤቱ በር ሳይገባ ቀረ። በ1975 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1978 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓት ግምገማ ጥናትም የክፍሎችን መጨናነቅ፣ የመጻሕፍትን እጥረትና የመምህራንን የሥልጠና ጉድለት በግልጽ አስቀምጧል። ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ሰነዶች እነዚህኑ ሦስት ችግሮች በየጊዜው ሲደግሟቸው መታየቱ ሊጤን የሚገባው ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ማዕቀፍ 26 መስፈርቶች አሉት። እነዚህም በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተከፍለው እንደ ቅደም ተከተላቸው 25፣ 35 እና 40 በመቶ ክብደት ተሰጥቷቸዋል። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ት/ቤት ደረጃ 1 ይባላል፤ ከ50 እስከ 70 የደረሰ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 የደረሰ ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይሆናል። ብቃቱን አሟልቷል የሚባለው ከደረጃ 3 ጀምሮ ነው። ማዕቀፉ ለቀደመው አሠራር ያልነበረውን ነገር ይዞ መጥቷል፤ ይኸውም አንድ የቦረናና አንድ የቦሌ ት/ቤት በአንድ መስፈርት የሚታዩበትን መንገድ ነው። የአገሪቱ ት/ቤቶች አብዛኞቹ ከሚፈለገው ደረጃ በታች መሆናቸው በይፋ ሊነገር የቻለውም በዚሁ ማዕቀፍ ምክንያት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከዚያ በፊት ስለ ጥራት መውደቅ የሚነገረው ሁሉ ወሬ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር።

ነገር ግን መስፈርቱ ሲሠራ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸፍን ለመረዳት ምሥራቅ አዲስ አበባን የመሰለ ቦታ አይገኝም። ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ በኮተቤ በኩል እስከ አያት፣ ከሰሚት አልፎ እስከ ቦሌ አራብሳ ያለው የከተማ ክፍል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከእርሻና ከግጦሽ ወደ ከተማነት የተለወጠ ነው። የከተማው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ መርሐ ግብር የሙከራ ሥራ የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. እዚሁ ቦሌ ገርጂ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግንባታው ወደ ሰሚት፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ቦሌ አራብሳ ሲዘልቅ፣ ነዋሪው በብዙ ሺህ በሚቆጠር ቤተሰብ ይገባል፤ ት/ቤት፣ ጤና ጣቢያና መንገድ ግን ኋላ ኋላ ይከተላል። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። እንግዲህ በዚህ አካባቢ ሁለት ዓይነት ት/ቤት ጎን ለጎን ይኖራል። አንደኛው ሰፊ ግቢ ያለው፣ ነገር ግን በየክፍሉ ከመስፈርቱ በላይ ልጅ የታጨቀበት የመንግሥት ት/ቤት ነው። ሁለተኛው ለመኖሪያነት በተሠራ ቪላ ውስጥ በኪራይ የተቀመጠ፣ የልጆቹ መጫወቻ ከመኪና ማቆሚያ የማይበልጥ የግል ት/ቤት ነው።

ለምሳሌ ያህል ከሁለቱ ዓይነት አንድ አንድ ት/ቤት በሐሳብ ይወሰድ። የመጀመሪያው ግቢው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቤተ ሙከራውና የመምህራኑ የትምህርት ማስረጃ ተመዝኖ ከግብዓት 25 ነጥብ 22 ያገኛል፤ ከሂደት 35 ነጥብ 27፣ ከውጤት 40 ነጥብ 21 ይሰጠዋል። ድምሩ 70 ነው። ሁለተኛው በግቢው ጥበትና በቤተ ሙከራ ጉድለት ከግብዓት 13 ብቻ ያገኛል፤ ከሂደት 25፣ ከውጤት 32 ያገኛል። ድምሩ ይኸውም 70 ነው። ሁለቱም ደረጃ 3 ተብለው በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። የአንደኛው በሽታ ግን የሌላው ጤንነት ነው። ለአንዱ የሚበጀው መድኃኒት ሌላውን አይፈውስም፤ ለዕቅድ አውጪው የደረሰው ቁጥር ግን አንድ ነው። ወላጅም የሚያየው በበሩ ላይ ወይም በስብሰባ የሚነገረውን አንዱን ቁጥር ነው። ሙቀቱ፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ተደምሮ ለሦስት ተካፍሎ የተነገረውን በሽተኛ ለማከም የሚደፍር ሐኪም አይገኝም።

ከዚህም በላይ የውጤቱ ክፍል ራሱ መመርመር አለበት፤ ከፍተኛውን ክብደት የያዘው እርሱ ነውና። በውጤት ሥር የሚታዩት የልጆች ከክፍል ወደ ክፍል መዛወር፣ ያቋረጡና የደገሙ ተማሪዎች ቁጥር ማነስ፣ በክፍል ፈተናና በክልል ወይም በአገር አቀፍ ፈተና የተገኘው ነጥብ ናቸው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። የክፍል ፈተናውን የሚያወጣው፣ የሚያርመውና ሮስተር የሚሞላው ራሱ ት/ቤቱ ነው። ተማሪው ሳይደግም እንዲያልፍ የሚገፋፋ መለኪያ ተቀምጦለት፣ ነጥቡንም ራሱ እየሰጠ፣ ት/ቤቱ ለራሱ ጨክኖ ይፈርዳል ብሎ መጠበቅ የሰውን ጠባይ አለማወቅ ይሆናል። በ1986ቱ ፖሊሲ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ተማሪ በተከታታይ ምዘና እየታገዘ እንዲዛወር መደረጉ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። አሳቡ የተነሣው ሕፃናት በመውደቅ ተስፋ ቆርጠው ትምህርት እንዳያቋርጡ ከሚል ቅን ምክንያት ነው። ተከታታይ ምዘናው ግን ስልሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ሊፈጸም አልቻለም። ስለዚህ ምዘናው ቀረና ዝውውሩ ብቻ ቀረ።

ሁለተኛው ነገር ከቤተሰብ ጋር የተያያዘ ነው። በቦሌ አካባቢ ወላጅ ለልጁ አስጠኚ ይቀጥራል፤ መጽሐፍ ይገዛል፤ ቤቱ ውስጥ የሚያነብ ሰው አለ። በኮተቤ ዳርቻ ወይም በአዲሱ ሰፈር የሚኖር የቀን ሠራተኛ ልጅ ይህ ሁሉ የለውም። የሁለቱ ልጆች ውጤት ሲለያይ ልዩነቱ የት/ቤቱ ሥራ ነው ብሎ ነጥብ መስጠት፣ ልጁ ከቤት ይዞት የመጣውን ለት/ቤቱ እንደ መክፈል ነው። ት/ቤቱ የሠራውን ለማወቅ ልጁ ሲገባ ምን ያውቅ ነበር የሚለው መጠየቅ አለበት። ማዕቀፉ ይህን አይጠይቅም። የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ት/ቤቶች ምገባ፣ የደንብ ልብስና ደብተር ማቅረቡ ይህን ልዩነት ለማጥበብ ከተወሰዱት ርምጃዎች ሁሉ የሚጠቀስ ነው። ባዶ ሆድ ይዞ የመጣ ልጅ ፊደል እንደማይገባው የማያውቅ መምህር የለም። ይሁን እንጂ በምገባው ምክንያት ከት/ቤት ሳይቀር የዋለው ልጅ ምን ተማረ የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ መለኪያ አሁንም አልተበጀም።

መለኪያው ያላየውን ሌሎች ጥናቶች አይተውታል። በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የተማሪዎች የትምህርት ቅበላ ጥናት የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት 47.9 በመቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 40.9 በመቶ ወረደ። ፖሊሲው ዝቅተኛ ነው ብሎ ያስቀመጠው 50 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታችኛው ክፍሎች የንባብ ችሎታ ላይ የተደረገው ጥናትም አብዛኞቹ ልጆች ለክፍላቸው በሚመጥን ፍጥነትና ማስተዋል እንደማያነቡ አሳየ፤ ከመካከላቸው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ያልቻሉት ጥቂት አልነበሩም። እነዚህ ልጆች በየዓመቱ ተዛውረዋል፤ በሮስተር ላይ ነጥባቸው ሞልቷል።

ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ፣ ኩረጃና ስርቆት በሚቻለው መጠን ተከልክሎ ሲሰጥ የሆነው ነገር ድንገተኛ ሊባል አይገባውም። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ በዚያው ዓመት 1,328 ት/ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ። ስለ እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ተብሏል፤ አብዛኛው የተባለው ግን በፈተናው አሰጣጥና በተማሪው ትጋት ላይ ያተኮረ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። ከእነዚህ 1,328 ት/ቤቶች ስንቶቹ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ኢንስፔክተር ጎብኝቷቸው ነበር? ሪፖርቱስ የት ደረሰ? አንድ ልጅ በ2ኛ ክፍል ማንበብ አለመቻሉ በ12ኛ ክፍል ከታወቀ፣ በመካከሉ ያለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ የተደረገው ጉብኝት ሁሉ ሌላ ነገር ሲያይ ኖሯል ማለት ነው።

ሪፖርቱ የት ደረሰ የሚለው ጥያቄ ወደ አደረጃጀት ይወስዳል፤ ዋናው ጉድለት ያለውም እዚህ ነው። በአዲስ አበባ ለት/ቤቶች ደረጃ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከትምህርት ቢሮው የተለየ የጥራት ባለሥልጣን ነው። የመምህራንን ሥራ የሚከታተለውና የሚያግዘው ሱፐርቫይዘር ደግሞ በትምህርት መዋቅሩ ሥር ነው ያለው። መለያየቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ት/ቤት የሚያስተዳድር አካል ራሱ ራሱን ሲመዝን ሚዛኑ ያጋድላል የሚለው መከራከሪያ ትክክል ነው። የግል ት/ቤት ባለቤቶችም የሚወዳደሯቸውን የመንግሥት ት/ቤቶች በሚያስተዳድር ቢሮ መዳኘታቸው አግባብ እንዳልሆነ ቢናገሩ ይደመጣሉ። ይሁን እንጂ ዳኛውና ሐኪሙ በተለያየ ሕንፃ መቀመጣቸው አንድ ነገር ነው፤ አለመነጋገራቸው ሌላ ነገር ነው። የኢንስፔክተሮች ቡድን ጥቂት ቀናት በት/ቤቱ ይሰነብታል፤ ክፍል ገብቶ ያያል፣ ቃለ ጉባኤ ያገላብጣል፣ ወላጅና ተማሪ ያነጋግራል። ከዚያ ደረጃውን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ተመልሶ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ሱፐርቫይዘሩ በበኩሉ የራሱ ቅጽ አለው። ኢንስፔክተሩ በ3ኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያየውን ጉድለት መነሻ አድርጎ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ክፍል እንዲገባ የሚያስገድደው መመሪያ ከሌለ፣ ጉድለቱ በወረቀት ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ለሁለቱም እንግዶች የሚሆን ሁለት ዓይነት ፋይል ማዘጋጀት ይይዛል። በብዙ ት/ቤቶች የኢንስፔክሽን ሰሞን ግድግዳው የሚቀባው፣ የትምህርት ዕቅድ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ ይህንንም ከርዕሰ መምህራን የማያውቀው የለም።

መምህሩን ዘሎ ጥራትን ለማምጣት የተሞከረበት ጊዜም አለ። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የሳተላይት ትምህርት፣ ሕዝቡ ፕላዝማ ብሎ የሰየመው፣ በተጀመረ ጊዜ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አብዛኛው ደቂቃ የቴሌቪዥኑ ነበር፤ መምህሩ ለመክፈቻና ለመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ቀረችው። መሣሪያው በአገሪቱ ዳር ላለ ተማሪ ጥሩ ሥዕልና ጥሩ ሙከራ ማሳየቱ አይካድም። ነገር ግን የቴሌቪዥኑ መምህር ተማሪው እንዳልገባው አይቶ አይቆምም። የዚያን ጊዜ ሱፐርቫይዘር ክፍል ቢገባ የሚገመግመው ማንን እንደ ነበር መጠየቅም ተገቢ ነው። ዛሬ በየት/ቤቱ መጋዘን የተቆለለው ስክሪን ለዕቅድ አውጪዎች አንድ ነገር ሊያስታውሳቸው ይችላል።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሲጠቀስ ፊንላንድ ሳትነሣ አትቀርም፤ በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ የት/ቤት ኢንስፔክሽንን ጨርሳ አስቀርታለችና። ይህን ሰምቶ እዚህም ይቅር የሚል ቢኖር ግማሹን ታሪክ ብቻ ነው የሰማው። ፊንላንድ ያንን ከማድረጓ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብላ የክፍል መምህር ሁሉ እስከ ማስተርስ ዲግሪ እንዲሠለጥን ወስናለች፤ ተቆጣጣሪውን ያስቀረችው በመምህሩ ዕውቀት ልትተማመን ስለ ቻለች ነው። ይልቅስ ለኢትዮጵያ ቀረብ የሚለው የእንግሊዝ ጉዳይ ነው። በዚያ አገር ት/ቤቶች በአንድ ቃል ደረጃ ሲሰጣቸው ብዙ ዘመን ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ አንዲት ርዕሰ መምህርት ት/ቤቷ ዝቅተኛውን ደረጃ እንደሚያገኝ ከተነገራት በኋላ ሕይወቷን አጠፋች፤ ጉዳዩን የመረመረው ችሎትም ኢንስፔክሽኑ ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን ገለጸ። መንግሥት በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ለመንግሥት ት/ቤቶች ይሰጥ የነበረውን የአንድ ቃል ጠቅላላ ፍርድ አስቀረ፤ ኢንስፔክሽኑን ግን አላስቀረም፤ በእያንዳንዱ ዘርፍ የታየው ተለይቶ እንዲነገር አደረገ እንጂ። ከ26ቱ መስፈርቶች አንዱንም ሳይነኩ ይህንኑ እዚህ ማድረግ ይቻላል። የግብዓት፣ የሂደትና የውጤት ነጥብ ለየብቻው ቢገለጽ ከላይ በምሳሌ የታዩት የሰፊው ግቢና የጠባቡ ቪላ ት/ቤቶች ከእንግዲህ አንድ አይመስሉም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ንባብ ነው። ከመስፈርቶቹ ሁሉ የጎደለው አንድ ቀላል ነገር፣ ኢንስፔክተሩ ራሱ ከ2ኛና ከ3ኛ ክፍል ጥቂት ልጆችን በዕጣ መርጦ አንድ አንቀጽ ማስነበብ ነው። ለአንድ ልጅ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ት/ቤቱ አስቀድሞ ሊያዘጋጀው፣ በፋይል ሊያሳምረው የማይችል ማስረጃ ይህ ብቻ ነው። የሰው ኃይል እጥረት አለ የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ለምሥራቅ አዲስ አበባ ግን ይህ መልስ አይሠራም። በ1935 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የተከፈተበት ኮተቤ ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ነው። ለማስተማር ልምምድ ወደ ት/ቤቶች የሚወጡት ዕጩ መምህራን ንባብ የመለካት ሥልጠና ወስደው ከኢንስፔክተሮቹ ጋር ቢሠሩ፣ ለእነርሱም ከክፍል ውስጥ ከሚሰጥ ብዙ ንግግር የበለጠ ትምህርት ይሆናቸዋል። በግል ት/ቤቶች ዘንድ ደግሞ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ማስተማርና የራስን መጽሐፍ መጠቀም የተለመደ ስለ ሆነ፣ ልጁ በአማርኛ ሲነበብለትና በእንግሊዝኛ ሲያነብ የሚታየው ልዩነት ለወላጁም አዲስ ዜና ሊሆን ይችላል።

መጽሐፍ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ይጨመር። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተሙት መጻሕፍት በጊዜ አልደረሱም፤ መምህራንና ተማሪዎች በስልክና በኮምፒዩተር በተላለፈ ቅጂ ለመሥራት ተገደዱ። በመስፈርቱ መሠረት አንድ መጽሐፍ ለአንድ ተማሪ ካልተዳረሰ ነጥቡ ከት/ቤቱ ይቀነሳል። ርዕሰ መምህሩ መጽሐፍ አያሳትምም። ከማዕከልና ከቢሮ የሚመጣው ጉድለት በት/ቤቱ ስም መመዝገቡ፣ ት/ቤቱ ራሱ ያጠፋውን እንኳ አምኖ እንዳይቀበል ሰበብ ይሰጠዋል። በግብዓት ሥር ካሉት መስፈርቶች የትኛው የት/ቤቱ፣ የትኛው የወረዳው፣ የትኛው የቢሮው ኃላፊነት እንደ ሆነ በቅጹ ላይ ቢለይ ቢሮውም አንድ ቀን ደረጃ ሊሰጠው ይችል ነበር።

በሂደት በኩል የሚቀረው በኢንስፔክተሩና በሱፐርቫይዘሩ መካከል ድልድይ መሥራት ነው። ሪፖርቱ ለርዕሰ መምህሩ በተሰጠበት ዕለት አንድ ቅጂ ለሱፐርቫይዘሩ ቢደርስ፣ እርሱም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በየትኛው ክፍል ምን እንደ ረዳ ጽፎ ቢመልስ፣ ተከታዩ ኢንስፔክተር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነብበው ይህንኑ ምላሽ ቢሆን፣ አሁን በሁለት ሕንፃ የተለያየው ሥራ በአንድ ወረቀት ይገናኛል። አዲስ መሥሪያ ቤትና አዲስ ስያሜ አያስፈልገውም፤ ስያሜ መለወጥ ደግሞ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ በቂ ተደርጓል።

በለሚ ኩራና በቦሌ ዳርቻ ሰፈሮች ደግሞ ለየት ያለ አንድ ችግር አለ። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ሲወጣ ወይም የቤት ኪራይ ሲንር ቤተሰብ በዓመቱ መካከል ይዘዋወራል፤ ልጁም መልቀቂያ ይዞ ወደ አዲስ ት/ቤት ይመጣል። መልቀቂያው ላይ ስሙ፣ ክፍሉ፣ አማካይ ነጥቡና ማኅተሙ አለ። የተቀበለችው መምህርት ልጁ ማንበብ ይችል እንደ ሆነ ከዚያ ወረቀት ላይ ማወቅ አትችልም፤ ከስልሳ ልጆች መካከል ይህን እስክታውቅ ድረስ ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ተጋምሶ ይሆናል። በመልቀቂያው ላይ ስለ ንባብ የሚሞላ አንድ መስመር ለመጨመር የሚያስፈልገው የማተሚያ ቤት ወጪ ትንሽ ነው፤ መስመሩን ለመሙላት ግን የላኪው ት/ቤት መምህር ልጁን አስቀምጦ ማስነበብ ይኖርበታል።